ሰባት ቤት ቆጠራ

በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሰው የትውልድ ሐረጉን አጥብቆ እንዲመረምር የሚያስገድዱት ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ርስት ሲከፈል፣ ሁለተኛው ጋብቻ ሲታሰብ። የርስቱ ነገር በ1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬትም የከተማው ቦታም የመንግሥት ነው ተብሎ ሲታወጅ አብሮ ቀርቷል። የጋብቻው ግን እንዳለ አለ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ቤተ ሰብ የአያት የቅድመ አያቱን ስም ፍለጋ አሮጌ ሣጥን የሚከፍተው፣ አንዲት ልጅ «እገሌን ላገባ አስቤአለሁ» ብላ ለእናቷ የነገረች ዕለት ነው። በእኛም ቤት በ2009 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር።

ልጂቱ የእኅቴ ልጅ ናት። ሊያገባት ያሰበው ወጣት ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የምታውቀው፣ በጠባዩም በሥራውም ነቀፌታ የሌለበት ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መጥተው፣ ቆመው ጉዳያቸውን ተናግረው ከተቀመጡ በኋላ ነገሩ ሁሉ በደስታ ይሄድ ነበር። በመካከሉ የእናታችን ታላቅ እኅት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው አሮጊት፣ «ለመሆኑ የልጁ አባት አገር ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ዛሬ ያለነው ለገጣፎ ነው፤ ጥንት ግን የየካ ሰዎች ነን፤ የአያቶቻችን እርሻ ከሾላው ገበያ በላይ ነበር» የሚል መልስ ተሰጣቸው። እትዬ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። «እንግዲያስ ሳይቆጠር አይሆንም» አሉ። ወደ እኔም ዘወር ብለው «አንተ የድሮ ጽሕፈት ታነባለህ፤ ይህ ያንተ ሥራ ነው» ሲሉ አዘዙኝ።

እትዬ ያለ ምክንያት አልደነገጡም። አያታችን፣ ማለት የእትዬና የእናታችን እናት፣ በሾላ ገበያ ቅቤ እየነገዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ስለ ወገናቸው ሲጠየቁ፣ ወንድ አያታቸው ከቡልጋ እንደ መጡ፣ ዐድዋ እንደ ዘመቱ፣ በዚያም ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት እንደ ቀረ፣ ስለዚህም ጉርሻ የሚሰጡት በግራ እጃቸው እንደ ነበረ ይተርኩልን ነበር። ስለ ሴት አያታቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፤ «እርሳቸው ከየትም አልመጡም፤ እዚሁ ነበሩ።» እኛ ልጆች ሳለን ይህን የምንሰማው እንደ ቀልድ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን የሥጋ ዘመዶች እንዳይጋቡ የምትከለክለው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 18 ከተዘረዘረው ጀምሮ ነው። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጽ የሥጋውን ዝምድና ብቻ ሳይሆን በክርስትና አባትነትና እናትነት የሚገኘውን መንፈሳዊ ዝምድና ጭምር ይጠብቃል። በአገራችን ልማድ ደግሞ የሥጋው ዝምድና ሰባት ቤት እስኪሞላ ይቆጠራል። የመንግሥት ሕግ ከዚህ እጅግ ይሰፋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ወደ ጎን ለሚቆጠረው ዝምድና የሚከለክለው ወንድ እኅቱን ወይም አክስቱን፣ ሴትም ወንድሟን ወይም አጎቷን እንዳታገባ ብቻ ነው። በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ፊት እንግዲህ ሁለቱ ልጆች አንዳች እንቅፋት አልነበረባቸውም። የእነርሱ አሳብ ግን በተክሊልና በቁርባን መጋባት ነበረና ጥያቄው ከመዝገቡ አልፎ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ ሰባት ቤት መቁጠር በአፍ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ፈረንጅ የቤተ ሰብ ስም ስላለው አንዱን ስም እንደ ገመድ ይዞ ወደ ኋላ መቶና ሁለት መቶ ዓመት ይሄዳል። የእኛ ሰው ግን የራሱንና የአባቱን ስም፣ ቢበዛ የአያቱን ጨምሮ ይጠራል፤ በአራተኛው ትውልድ ላይ የፊተኛው ሰው ስም ከአፍ ይጠፋል። በዚህም ላይ ሁለት ስም አለን፤ አንዱ ጎረቤት የሚጠራን ነው፤ ሁለተኛው ገብረ፣ ወልደ፣ ኀይለ፣ ወለተ እየተባለ በጥምቀት የሚሰጠን ነው። ወታደር ከሆነ ሦስተኛ፣ የፈረስ ስም አለው። የመሬት ወረቀት አንዱን ስም ይጽፋል፤ ካህኑ በፍትሐቱ ሌላውን ይጠራል፤ አዝማሪ ሦስተኛውን ያነሣል፤ ልጅ ልጁ ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ሳያውቅ ይቀራል።

በቤታችን ይነገር የነበረው ታሪክ፣ ምንጅላታችን «ከምኒልክ ጋር ከእንጦጦ ወረደ» የሚል ነው። በአዲስ አበባ ይህን የማይል የቆየ ቤተ ሰብ አላጋጠመኝም፤ ወረደ የተባለው ሁሉ በእውነት ከእንጦጦ ወርዶ ከሆነ ተራራው ያን ሁሉ ሰው በምን ችሎ እንደ ነበር ያስገርማል! ታሪኩ ግን መሠረት አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው ሳለ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ ኮረብታ ኮረብታውን እየያዙ ግቢ ሠሩ፤ ጭፍራውም በጌታው ግቢ ዙሪያ ሰፈረ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱ አልቆ ክፉ ቀን በሆነ ጊዜም ከየአውራጃው ብዙ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲሱ ከተማ ገባ። ለጭፍራ በደመወዝ ፈንታ ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ መሬቱም በቀላድ ይለካ ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ይህ በቀላድ የተለካው መሬት ባዶ አልነበረም። ጉለሌ፣ ኤካ፣ ገላን፣ አቢቹ የሚባሉት የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ያርሱትና ከብት ያሰማሩበት ምድር ነበር፤ የካ የሚለው ስም ራሱ የኤካ ጎሣ ስም ነው። ከሰፈራው በኋላ ከእነርሱ አንዳንዱ ለመጣው ባለ ማደሪያ ገባር ሆነ፤ ሌላው ርቆ ሄደ። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን የከተማ ሰፋሪዎች «አቅኚዎች» ብለው ሲጠሯቸው፣ እኔ ቃሉን ለምንጅላቴ ለመስጠት ብዕሬ ያመነታል። የደረሰበት አገር የቀና አገር ነበር። ገበያው ስሙን ያገኘበት ሾላም ቢሆን እርሱ ሳይመጣ የበቀለ ዛፍ ነው። (ዛሬ ብዙ የከተማ ልጅ ሾላ ሲባል የሚያስበው ወተቱን እንጂ፣ ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበትን ዛፍ አይደለም።)

ፍለጋዬን የጀመርሁት ከዳዊቱ ነው። የቆዩ ቤተ ሰቦች የብራና መዝሙረ ዳዊት ወይም ድርሳነ ሚካኤል ሲያስጽፉ፣ የአስጻፊው፣ የሚስቱና የልጆቹ ስም በመጽሐፉ ውስጥ ይገባል፤ በባዶው ቅጠል ላይም ልደትና ሞት ይጻፋል። በየቤቱ ከተቀመጠ ወረቀት ሁሉ ለትውልድ ቆጣሪ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። የእኛ ዳዊት ከእሳት የተረፈ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን ሲገድሉና ቤት ሲያቃጥሉ የእኛም ቤት ተቃጠለ፤ የመሬቱ ወረቀትም በዚያው ጠፋ። ዳዊቱ ግን ያን ሰሞን አንድ ዲያቆን ሊደግምበት ተውሶት ነበርና ዳነ። መጽሐፍ ያዋሰ ሰው ሁልጊዜ አይጎዳም።

በመጨረሻው ቅጠል ላይ የልጃቸው፣ የአያታችን አባት፣ ልደት ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቱ ግን የለም፤ «በዘመነ ሉቃስ፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት» ይላል እንጂ። ይህን የመሰለ ጽሕፈት በቤታችሁ ካለ ተስፋ አትቁረጡ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት ክፈሉት፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በዚህ ስሌት በዚያ ሰሞን ዘመነ ሉቃስ የሚሆኑት 1887፣ 1891ና 1895 ዓ.ም. ናቸው። አያታችን «አባቴ ከዐድዋ በኋላ የተወለደ ነው» ይሉ ስለ ነበር 1887 ይወድቃል። ደግሞም «በኅዳር በሽታ እናቱ ሲሞቱበት ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር» ይሉ ነበር፤ የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነውና 1895ም አይሆንም። የቀረው 1891 ብቻ ነው። አንድ ቁጥር በእጄ ስለ ገባ ያን ምሽት ደስታዬ ብዙ ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በዚያው መስመር ላይ የአባትየው ስም ሁለቱም፣ የዓለሙም የክርስትናውም፣ ተጽፏል። የእናትየው ግን ወለተ ብሎ የሚጀምር የክርስትና ስም ብቻ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች የለም። አገሯ የለም። ጥምቀት ሳትነሣ በፊት ምን ተብላ ትጠራ እንደ ነበር የለም። መቃብሯንም ልፈልግ አልቻልሁም፤ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር በሽታው በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሕዝብ ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ሲድኑ፣ ሟቹን እንደ ወጉ ገንዞ በምልክት የሚቀብር አልነበረም። ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል በዓል፣ ቆሻሻ እያቃጠልን ኅዳርን የምናጥነው የዚያን መከራ መታሰቢያ ይዘን ነው፤ ጭሱ ዐይኑን ሲያቃጥለው የሚማረር ሰው ይህን አያስታውስ ይሆናል።

ወደ ታሪክ መጻሕፍትም ሄጄ ነበር። በ1942 ዓ.ም. የታተመው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የመሬቱን ሥርዓት እንድረዳ ጠቅሞኛል፤ የአንድ ተራ ጭፍራ ሚስት ስም ግን በእንዲህ ያለ መጽሐፍ አይፈለግም። ይህ የእኛ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት በሌላ ቤተ ሰብ ነው። ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ተወላጅ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሚሠሩት አንዱ ነበር። ያገባትም ኢትዮጵያዊት እናት ካላት ከሠዓሊው ከኤድዋርድ ዛንደር የተወለደችውን ሴት ነው። ማግዳሌና የተባለችው ልጃቸው የመቅደላ ጦርነት በተደረገበት በ1860 ዓ.ም. ተወለደች፤ የእርስዋም የልጅ ልጅ በዓለም የታወቀው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። የመድፍ ሠሪውና የሠዓሊው ስም ሙሉውን ከነአገሩ ይታወቃል። ኡስቲኖቭን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘችው የሠዓሊው ልጅ ግን የምትጠራው ወለተ ኢየሱስ በሚል የክርስትና ስም ነው። የመጣው ወንድ በስሙ ይቀራል፤ የተቀበለችው ሴት በወለተ ትሸፈናለች።

ወንጌላዊው ማቴዎስ ግን የጌታን ትውልድ ሲቆጥር ከአባቶቹ መካከል ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አግብቷል። ሩት ሞአባዊት ነበረች። መጽሐፈ ሩትን በዚያ ሰሞን ደግሜ ሳነብ ዐይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ቦዔዝ በከተማው በር ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ሲነጋገር የመሬቱና የጋብቻው ነገር ተለያይቶ አልቀረበም። በየካም እንዲሁ ሳይሆን አልቀረም ብዬ ማሰብ ጀመርሁ።

ነገሩ የተፈታው ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቅቤ ነው። እትዬ አንድ ቀን እንደ ዋዛ፣ «እናቴ ለአርባ ዓመት ያህል ቅቤ የምትረከበው ከአንድ ቤት ሰዎች ነበር። ሌላ ሰው በርካሽ ቢያመጣላት እንኳ እምቢ ትል ነበር። ‹ዘመዶቼ ናቸው› ትለን ነበር» አሉኝ። እኛም ጎረቤቱም ይህን የገበያ ቋንቋ አድርገን ወስደነው ነበር። በሾላ ገበያ ማን ማንን እናቴ፣ እኅቴ፣ ዘመዴ የማይለው አለ? በርበሬ ሻጩም ዘመድ ነው፣ ተሸካሚውም ዘመድ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ እውነተኛ ዝምድና በግልጽ ሲነገር ማንም አይሰማውም። እነዚያ ቅቤ አምጪዎች ከየት ይመጡ እንደ ነበር ስጠይቃቸው እትዬ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ከለገጣፎ» አሉኝ።

የወጣቱ አያት በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ዐይናቸው የደከመ፣ ልባቸው ግን የነቃ አዛውንት ነበሩ። በደጃቸው ባለች ዋርካ ሥር በርጩማ አስወጥተው ተቀበሉኝ። ጉዳዬን ስነግራቸው አልተቈጡም፤ «መልካም አደረግህ ልጄ፤ ሳይቆጠር የሚገባ ጋብቻ እኛም አንወድም» አሉ። ከዚያም ዐይናቸውን ጨፍነው የአባቶቻቸውን ስም መቁጠር ጀመሩ። እገሌ ኢልመ እገሌ፣ ኢልመ እገሌ እያሉ፣ ኢልመ ማለት በኦሮምኛ የእገሌ ልጅ ማለት ነው፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ማመንታት እስከ አሥራ አንድ አባት አደረሱኝ። እኔ በብራና፣ በስሌትና በብዙ ድካም አራት ትውልድ ብቻ የሄድሁ ሰው፣ እስክርቢቶዬን ይዤ ቀረሁ።

የተቆጠሩት ግን ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ፣ «አባቴ፣ ከሴቶቹስ መካከል ለምኒልክ ጭፍራ የተዳረች ነበረችን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዐይናቸውን ገለጡ። «ሁለት ጣት ለሌለው ሰው የተሰጠችውን ነው የምትለኝ?» አሉ።

ስለ ጣቱ እኔ አልነገርኋቸውም፤ ወጣቱም ሊያውቀው አይችልም። አዛውንቱም ቀጥለው፣ ሴቲቱ የቅድመ አያታቸው እኅት እንደ ነበረች፣ በሚካኤል ዕለት ከገበያው ሾላ ሥር ሆና ወንድሟን ትጠብቅ እንደ ነበረ፣ በበሽታው ዘመን እንደ ሞተች፣ ሬሳዋንም ወንድሞቿ እንዳላዩት ነገሩኝ። እንዴት እንደ ተዳረች ስጠይቃቸው የመለሱልኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ያኔ መሬቱ በገመድ ተለክቶ ሄደ። አያቶቻችን ተመካከሩ። መሬቱን የወሰደው ሰው ሚስት ከሩቅ ቢያመጣ መሬቱም ልጁም የሌላ ይሆናል፤ እኅታችንን ብንሰጠው ግን መሬቱን የሚወርሰው ልጅ የእኛ የእኅታችን ልጅ ይሆናል አሉ። እንዲህ ብለው ሰጧት።» ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ቂም አልነበረም፤ እኔ ግን የተቀመጥሁበት በርጩማ ጠበበኝ። በቤታችን ሲተረክ የኖረው፣ ምንጅላታችን መሬትና ሚስት በጀግንነቱ እንዳገኘ ነበርና።

እንግዲህ ቆጠራው ተደረገ። የሴቲቱና የወንድሟ አባት ለሁለቱም ቤት የጋራ ነው። ከእርሱ በታች በእኛ በኩል ሴቲቱ፣ ልጇ፣ አያታችን፣ እናታችን፣ እኅቴ፣ የእኅቴ ልጅ፤ በእነርሱም በኩል ከወንድሟ እስከ ወጣቱ እንዲሁ ስድስት ናቸው። የጋራውን አባት አንድ ብለን ከጀመርን ልጆቹ ሰባተኛ ቤት ላይ ናቸው። ከወንድምና ከእኅት ከጀመርን ስድስተኛ ናቸው። በአንድ ሰው ላይ፣ ስሙን እንኳ ያወቅነው ያን ሳምንት በሆነ ሰው ላይ፣ የሁለት ልጆች ተክሊል ተንጠለጠለ።

እኔ ከጋራው አባት እቆጥራለሁ፤ ለቤተ ሰቡም፣ ለንስሐ አባታችንም ይህንኑ ተናግሬአለሁ። ንስሐ አባታችን ግን፣ «አባት ለሁለቱም አንድ ቤት ነው፤ ቤት የሚለየው ከወንድምና ከእኅት ጀምሮ ነው» አሉ። «አባታችን፣ ከአባትየው የሚጀምሩም አሉ እኮ» ብላቸው፣ «አሉ» አሉኝ። ወዲያውም፣ «እኔ ግን ስድስት መሆኑን እያየሁ እጄን ጭኜ ተክሊል አልደፋም። ሰባት ነው የሚል አባት ቢገኝ ደግሞ አልቃወምም፤ ልጆቹን አልረግምም። ሁለቱንም ቆጠራ ንገሯቸው» ብለው ዝም አሉ። አንዳንዱ ዘመድ ይህን እንደ ድካም ቈጠረባቸው። እኔ እንደዚያ አላየሁትም፤ ለሚያምኑበት ነገር ወሰኑን አስታውቀው ለሌላው ሰው ኅሊና ስፍራ መተዋቸው ነው።

ልጆቹ ሦስት ሳምንት ለምነው፣ አስበው፣ ተነጋገሩ። በመጨረሻው ወጣቱ ወደ እኅቴ ቤት መጥቶ በእግሩ ቆሞ፣ «እማማ፣ እንደ ፈቃዳችን የሚቆጥርልን ካህን እየፈለግን በየደብሩ ስንዞር ጎጆአችንን መጀመር አልቻልንም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የእኅቴ ልጅ በጓዳ ነበረች። ያን ክረምት ፊቷን ማየት ከባድ ነበር፤ እናቷም እንጀራ ስትጋግር ዕንባዋን በጭሱ ታሳብብ ነበር። እትዬ ደግሞ «ምነው ያን ቀን አፌን በያዝሁ!» ይሉ ነበር፤ ሆኖም ዳግመኛ ቢጠየቁ ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም።

አንዳንድ ወላጆች ይህን አንብበው «እንግዲያስ ባትቆጥሩ ይሻል ነበር» ይሉ ይሆናል። ለእነርሱ የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቤተ ሰብ ውስጥ ያሉ አሮጊቶችና አዛውንቶች የሚያውቁት ነገር በእነርሱ ሞት አይጠፋም፤ አንድ ቀን ቅቤ ሻጭ ወይም ሽማግሌ ይናገረዋል። ሦስት ልጅ ከተወለደ በኋላ ከሚሰማ ቡና ላይ መሰማቱ ይቀላል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ልጆቹ ከመተጫጨታቸው አስቀድሞ፣ ገና በሰንበት ትምህርት ቤት ዕድሜ ሳሉ፣ የአራቱንም አያቶቻቸውን ወገን፣ የሴቶቹን ጭምር፣ ከነዓለም ስማቸው በደብተር ማስጻፍ ነው። የሴቶቹን ጭምር ያልሁት በዋዛ አይደለም።

የለገጣፎው አዛውንት በ2010 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን ከልጆቻቸው ጋር ወደ ቤታችን መጡ። ከየካ ሚካኤል ቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ አዘጋጅተን ነበር። ወጣቱ አብሯቸው አልመጣም፤ ደግ አደረገ። እትዬና አዛውንቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የማን እናት ለማን ቅቤ ስትሸጥ በምን መስፈሪያ እንደ ነበር እስኪመሽ ተከራከሩ። ይህን የመሰለ ክርክር በእንግዶች መካከል አይደረግም። የእኅቴ ልጅ በ2012 ዓ.ም. ሌላ ሰው ስታገባም አዛውንቱ የተቀመጡት ከሙሽራዪቱ ወገን ነው።

በዚያ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ማታ ግን ዳዊቱን አውጥተን ነበር። አዛውንቱ የዚያችን ሴት የልጅነት ስም፣ ወደ ጭፍራው ቤት ሳትገባ ወንድሞቿ የሚጠሯትን፣ ነገሩን። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤተ ዘመድ ነው። በእጅ ጽሕፈቷ ከሁላችን የምትሻለው የእኅቴ ልጅ ናትና ብዕሩን ለእርስዋ ሰጠናት። ስሙ ውስጥ በአማርኛ የማንጠራው ድምፅ ስላለ ፊደሉ ቸገራት። በኦኔሲሞስ ነሲብ ትርጉም በ1891 ዓ.ም. ገደማ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ድምፅ ዸ የተባለ ፊደል እንዳለው አስታወስሁና በወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት። በወለተ ስሟ ጎን፣ በዚያው በሰኔ ሚካኤሉ መስመር፣ በጥንቃቄ ጻፈችው። አዛውንቱ ማየት ስለማይችሉ «እስቲ አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። ድምፁን ስላላለዘበችው አረሟትና፣ «እንደ ገና» አሏት።